መንገዱ የሚታይበት ደጃፍ

ቂርያት ማላኺ፣ እስራኤል፣ 20.10.2024

ለአጎቴ ለአያ ቢሆነኝ፤ ጎንደር

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የአባቶቻችን አምላክ ያቆይልን፤ እርስዎን ከማጣት ይሰውረን።

እኛ ተመስገን አለን። ባለቤቴ ጓዴ ከፋብሪካው፣ ልጄ ነታ ከትምህርቷ፣ እኔም ያው አረጋውያን ከሚጦሩበት ቤት ሥራዬ ላይ ነኝ። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለው ወዲህ ይኸው ደብዳቤ መጻፍ እንደ አዲስ ለመድሁ። እኔ እጽፋለሁ፣ ነታ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለጎረቤትዎ ለያለው ትልካለች፣ እሱ ሱቁ ውስጥ አትሞ እቤትዎ ያደርሳል። ልጄ ይህን ሁሉ ትችላለች፤ ፊደሉን ግን አንዱንም አታውቀውም። ትናንት ከጀርባዬ ቆማ እያየች «ኢማ፣ ይኼን ሁሉ አንቺ ነሽ የሣልሽው?» አለችኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለምክር ነው። ቤት ልንገዛ ነው። ለእኔ ምኞት እንዳይመስልዎ፤ ለእናቴ ነው። እንደሚያውቁት ያለነው አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰርም የለው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልወረደችም። ከጠዋት እስከ ማታ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ታች የመኪና ማቆሚያውን ታያለች። ጓዴ «አዝዬ ላውርድዎት» ቢላት «ተወኝ፣ ከዚህ አልነሣም» አለችው። በሰው ጀርባ መታዘል አፍራ ነው ብዬ አለቀስሁ። ያቺ ገበያ ውላ ማኅበር የምታመሽ ሴት መሬት ሳትረግጥ ትሙት? ስለዚህ መሬት ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው ቤት እንፈልጋለን።

ባንኩ ማሽካንታውን ፈቅዶልናል፤ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ብድር ማለት ነው። ችግሩ ገበያው ነው። አንድ ቤት ለማየት አሥር ሰው ይሰለፋል። ሁሉም የሚሰጠውን ዋጋ ለደላላው ይነግራል፣ ሌላው ስንት እንዳለ ግን አይነገረውም። ጋን ያቭነ የሚባለው ከተማ ዋጋው አፍ አያስከፍትም። እንግዲህ ያቭነና ገዴራ የሚባሉትን ከተሞች እንሞክራለን። እናቴን ምን ዓይነት ቤት ትወጃለሽ ብላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «መንገዱ ከደጃፉ ይታያል ወይ?» አለች።

ለጆሮዎ መሣሪያ የጠየቁኝን ገንዘብ ለሐኑካ በዓል አደርሳለሁ። እናቴ ሰላም ብላለች።

ልጅዎ ሙሉእመቤት

ጎንደር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉእመቤት

እንዴት ከርመሻል? እኔ ጆሮዬ ከመደንቆሩ በቀር ምንም አልሆንሁ። እንዲያውም የሰው ሐሜት ስለማልሰማ ሰላም አግኝቻለሁ። ያለው ደብዳቤሽን ሲያመጣልኝ በእጁ ጀርባዬን ይመታኛል፤ እንግዲህ ይኼ የእኛ የበር ደወል ነው።

ቤት መግዛታችሁ መልካም ነው። ባንክ «ፈቀደ» ስትዪ ግን ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ ፈራሁ፤ እጅ ያልገባውን ገና ካሁኑ አትለቢው። እናትሽ እቴ ታንጉት መሬት ብትረግጥ ደስ ይለኛል። እኛ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ነን፤ በልጅነታችን እሷ ከደጃፍ ተነሥታ አታውቅም ነበር። የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ ስሙን ጠርታ የምታስገባ እሷ ናት።

እናንተ ቤት ስትሻሙ እኛ ደግሞ እዚህ ወደ እስራኤል ለመግባት ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን። ዘንድሮም ዝርዝር ተለጥፎ የእኔ የለበትም። አያስከፋም፤ ለምጄዋለሁ።

ለመሣሪያው ብለሽ የያዝሽውን ቤቱ ላይ ጨምሪው። እኔ ምን የሚሰማ አለኝና!

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የሁላችሁንም ደኅንነት ጽፈሽ የማታንን ስም ዘለልሽው። የበኩር ልጅ ይረሳል? ምን ሆኖ ነው?

አጎትሽ ቢሆነኝ

ቂርያት ማላኺ፣ 24.11.2024

ለአጎቴ ለአያ ቢሆነኝ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሰማይ ያለው ጌታ በጤና ያቆይልን።

ያቭነ ላይ ያለውን አጣነው። ጥፋቱ የጓዴ ነው፣ እሱም ሦስት ቀን ከራሱ ጋር ተኳርፎ ሰነበተ። መሬት ላይ ያለ፣ ጥሩ ግቢ ያለው ቤት ነበር። ባለቤቷ ራሷ አስገብታ አሳየችን። ጓዴ የጎንደር ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ መሰለው። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ «ረጠብ ያለ ነው» አለ፣ መስኮቱን አይቶ «ጠባብ ነው» አለ፣ ወጥ ቤቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እርስዎ ያስተማሩት ነው፤ የወደዱትን ማጣጣል፣ ሻጩ ሲያለሳልስ መመለስ። መኪናችን ጋ ሳንደርስ ከእኛ ኋላ የነበሩት ባልና ሚስት «ይህን የመሰለ ቤት አይተን አናውቅም» ብለው ዋጋቸውን ጨምረው ተስማሙ። ሴትዮዋ ለደላላው «የመጀመሪያዎቹ ቤቴን ጠልተውታል» ብላ ነበር አሉ። ጓዴ ያን ሲሰማ «ጠልቼው ብሆንማ ዝም እል ነበር» አለ። እዚህ አገር የሚወዱትን ቶሎ ይናገራሉ እንጂ ገበያ አይጫወቱም።

እናቴ አልከፋትም። «ሌላ ይመጣል» ብላ ወደ መስኮቷ ዞረች።

ማታን ደኅና ነው። ሥራው ራቅ ያለ ስለሆነ ነው።

ልጅዎ ሙሉእመቤት

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉእመቤት

ሰላምሽ ይብዛ። ጓዴን አይዞህ በይው። እኔም አንድ ጊዜ በቅሎ ሳጣጥል ሰው ወስዶብኛል።

ምክር ብለሻልና ልምከርሽ። ደላላ መሃል ገብቶ ቤት ሲሸጥ ሰው ከሰው ጋር አይተያይም። ሰው ቤቱን የሚሰጠው ልጁን እንደሚድረው ነው፤ ማን እንደሚገባበት ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌ ላኪ። ሽማግሌ በምክሩ፣ አርበኛ በሰናድሩ ይባል የለ? ሦስት ሰው ይሁኑ። በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይድረሱ። ነጭ ይልበሱ። ግቡ ሲባሉ ይግቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ግን «ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይበሉ። ጉዳያቸውን በር ላይ ቆመው አይንገሩ፤ ያ የተናቀ ጉዳይ ያስመስላል። በዚህ መንገድ ስንት ሴት ድሬያለሁ፣ ስንት ደም አድርቄያለሁ፣ አንድ ቤት ያቅተናል?

«ራቅ ያለ» ያልሽው የት ነው? ልጁ ገበሬ ነው ነጋዴ?

አጎትሽ ቢሆነኝ

ቂርያት ማላኺ፣ 5.1.2025

ለአጎቴ ለአያ ቢሆነኝ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከፍቶኝ ነው፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ገዴራ ቤት አገኘን። ትንሽ፣ ያረጀ፣ ደጃፉ ላይ የእንጨት አግዳሚ ያለበት ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ መንገዱ እስከ ጫፉ ይታያል። ባለቤቱ ሽሎሞ የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀን ግን አላገኘናቸውም። ያሳየችን ካሪን የምትባል ደላላ ነች። ጓዴ በዚህኛው ጊዜ በሩን አመሰገነ፣ ግድግዳውን አመሰገነ፣ ቧንቧውን ሳይቀር አመሰገነ። ካሪን ፈገግ ብላ ሌሎች አራት ቤተሰቦችም እንደዚሁ እንደወደዱት ነገረችን። የመጨረሻ ዋጋችሁን እስከ ሐሙስ ቀትር ላኩ አለች። እኛ የምንችለው ከሌሎቹ እንደሚያንስ ከፊቷ ገባኝ።

ያን ጊዜ ምክርዎ ትዝ አለኝ። ስቄበት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰፈራችን ውስጥ አገር ቤት ሳሉ ትዳርና ጠብ ይዳኙ የነበሩ አያ ታዬ አሉ። ነገሩን ሳጫውታቸው ዓይናቸው በራ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚጠይቃቸው የጠፋ ሙያ ነው። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ፤ ጓዴ በመኪና አደረሳቸው፣ እሱ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመ።

አንኳኩ። ከውስጥ «ማነው?» አሉ ሽሎሞ። አያ ታዬ ጉዳይ በር ላይ አይነገርምና «ከባድ ቃል ይዘን መጥተናል፤ ይክፈቱልን» አሉ። በዕብራይስጥ ነው ያሉት፣ አሳምረው ነው ያሉት። ሽማግሌው በበሩ ቀዳዳ ሲያዩ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከዚያ «አልከፍትም። ካልከፈትሁ ምንም አልሆነም» የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም የመውደቅ ድምፅ።

አጎቴ፣ እዚህ አገር ወታደር ሲሞት መርዶውን የሚያደርሱት በር አንኳክተው ነው። ሁለት ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ ቆመው ይነግራሉ። ለሽሎሞ ከብዙ ዓመት በፊት በዚያው በር መጥተውባቸዋል። ድቪር የሚባል ልጃቸው ሊባኖስ ላይ ነው የቀረው። አሁን ደግሞ የሴት ልጃቸው ልጅ ኢታማር ሠራዊት ውስጥ ነው። የኢታማር መርዶ መስሏቸው ነው።

ጎረቤታቸው እየጮኸች ወጣች። ነገሩ ሲገባት ኢታማርን በስልክ ጠራችው፣ ድምፁን በበሩ በኩል አሰማቻቸው። ያኔ ነው የከፈቱት። አያ ታዬ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተመለሱ፣ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ካሪን ደወለችልኝና «ሰውየውን ልትገድሏቸው ነው? ወደዚያ በር እንዳትጠጉ» ብላ ዘጋችው። ሐሙስ ዋጋችንን ላክሁ። መልስ የለም።

ልጅዎ ሙሉእመቤት

ጎንደር፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉእመቤት

ደብዳቤሽን ካነበብሁ ጀምሮ አልጋዬ ላይ ነኝ። ጎንደር ተቀምጬ ለገዴራ በር የመከርሁ እኔ ነኝ፤ ታዬን አትውቀሱት። እኛም እኮ መርዶ የምናደርሰው በማለዳ፣ ሽማግሌ ሰብስበን ነው። መልኩ አንድ ነው። እንዴት አላሰብሁትም?

አሁን የምልሽን ስሚ። ራስሽ ሂጂ። ቀን ሂጂ፣ ከሩቁ ድምፅሽን እያሰማሽ ቅረቢ፤ በሩን በእጅሽ አትንኪው። ስለ ቤቱ አታንሺ። ይቅርታ ብቻ ጠይቀሽ ተመለሺ። ቤቱ ይቅር፣ ሰውየው ግን የእኛን ሰው እንደ ክፉ ሕልም ይዞ አይሙት።

ሌላም ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ላይ ከ«ወታደር ሲሞት» ጀምሮ ፊደልሽ ተንጋዷል። ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደኅና ነው። ማታን የት ነው?

አጎትሽ ቢሆነኝ

ጎንደር፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉእመቤት

ጠብቄ ጠብቄ አጣሁሽ። ያለውን በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፣ እሱም በእጁ «የለም» ይለኛል።

አንቺ እዚያ ማዶ ስለሆንሽ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። በእኛ ወግ መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም። ስለዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስሙ ያልተነሣ ሰው ካለ፣ አንባቢው ስለዚያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያስባል። እኔ ስለ ማታን እንዲህ ስሆን አራት ወር አለፈኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ። ወጉን እኔ አፍርሼዋለሁ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

ገንዘብ አልፈልግም። የማታንን ስም ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ቢሆነኝ

ቂርያት ማላኺ፣ 30.3.2025

ለአጎቴ ለአያ ቢሆነኝ

ማታን በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን ያንብቡ፣ ከዚያ ይቅር ይበሉኝ።

ማታን ወታደር ነው። ካለፈው ዓመት ፋሲካ ጀምሮ ጋዛ ሲገባ ሲወጣ ነው። ለእናቴ ደቡብ አንድ ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ይሠራል ብለናታል። ለእርስዎም ያልጻፍሁት ከጻፍሁት እውነት የሚሆን ስለመሰለኝ ነው። ደረጃው ላይ እግር ሲሰማ እጄ ላይ ያለውን አስቀምጣለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል ስል አልፎ ወደ ሦስተኛ ይወጣል። የጎረቤት በር ሲከፈት «ተመስገን፣ ለእነሱ ነው» እላለሁ፤ እንዲህ አልሁ ብዬ ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። አንድ ዓመት እንዲህ ሆኜ ነው የኖርሁት።

እንዳዘዙኝ ገዴራ ሄድሁ። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሬ «አዶን ሽሎሞ፣ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ ነኝ» እያልሁ ተጠጋሁ፤ አዶን እንደ እኛ አቶ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ነበሩ። ሰዎቹን የላክሁ እኔ እንደሆንሁ፣ እናቴ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ እንዳቃታት፣ ቤት ለመጠየቅ ሽማግሌ መላክ በእኛ ዘንድ ክብር እንደሆነ ነገርኋቸው። ሰሙኝ፣ ውኃም ሰጡኝ። ቤቱን ለምን እንደሚሸጡት ራሳቸው አወጉኝ። ያ በር ሲንኳኳ መስማት ስላቃታቸው ነው፤ ፖስታ የሚያመጣው ልጅ እንኳ በመስኮት ነው የሚጠራቸው። ከዚያ ድንገት ቀና ብለው «አንቺስ ወታደር አለሽ?» አሉኝ።

አለኝ አልሁ። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንግዲያው አልሸጥልሽም» አሉ። «አራተኛ ፎቅ ላይ እግር ሲመጣ ይሰማሻል። እዚህ ግን መጀመሪያ የምትሰሚው ማንኳኳቱን ነው።»

እውነታቸውን ነው። አመስግኜ ተመለስሁ። ካሪን ኋላ እንደነገረችኝ ለማንም ሳይሸጡ ሰነበቱ። ከሌሎቹ ዋጋ ከፍ ያለውን ያቀረቡት ባልና ሚስት በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር። እኔም ለእርስዎ ብዕር ማንሣት አቃተኝ፤ ለእናቴም ቤቱ ቀርቷል ብቻ አልኋት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ጠራችኝ። ለምን ቀረ አለች። ዋጋ አንሶን ነው አልሁ። «ውሸት ስትናገሪ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነጠላሽን ታጣጥፊያለሽ» አለችኝ። ያኔ አልቅሼ ሁሉንም ነገርኋት፤ የማታንን ብቻ አስቀርቼ ነው የነገርኋት መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ወታደር ላለው አልሸጥም አሉ ስል ግን ምንም አልደነገጠችም። ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። «ወደ ሰውየው ውሰዱኝ» አለች።

ጓዴና አያ ታዬ በወንበር አድርገው አራቱን ፎቅ አወረዷት። አንድ ዓመት «አልነሣም» ያለች ሴት በየፎቁ «ቶሎ በሉ» እያለች ታጣድፋቸው ነበር። ገዴራ ስንደርስ ጓዴን ከሩቁ የመኪናውን ጡሩንባ አስነፍታ፣ ከሽሎሞ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ነታ መሃላቸው ቆማ አማርኛውን ወደ ዕብራይስጥ፣ ዕብራይስጡን ወደ ተሰባበረ አማርኛ ትገለብጥ ጀመር። እኔ ልርዳ ብል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ።

መጀመሪያ ስለ ድቪር ጠየቀቻቸው፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ማንን እንደሚመስል። ብዙ አወጉላት። ነታ ያልገባትን ስትዘለው እናቴ «በይ ሁሉንም ንገሪኝ» ትላታለች። ከዚያ እናቴ እንዲህ አለች።

«እነዚያ መርዶ ነጋሪዎች ሲመጡ ደጃፉ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም» አሉ ሽሎሞ። «እኔ ውስጥ ተኝቼ ነበር፣ ሚስቴ ከጎኔ።»

«እኔ ግን ደጃፉ ላይ እኖራለሁ» አለች። «ይኸው አንድ ዓመት መስኮት ላይ ሆኜ የሚቆመውን መኪና ሁሉ አየሁ። የልጄ ልጅ ወጥ ቤት አይሠራም፤ እጁን አይቻለሁ፣ ድስት የያዘ እጅ አይደለም። ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፣ ቀድሞ መድረስ ግን አይቻልም። እዚህ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ነው የሚያገኘኝ። ክፉ ከሆነ እኔ እሰማዋለሁ፣ እኔ ገብቼ በእጄ ይዣት እነግራታለሁ። የእኔ ልጅ በር ሲንኳኳባት አትሰማም።»

ነታ እዚህ ላይ ትርጉሙን አቋርጣ ወደ እኔ ዞረች፤ የቀረውን ለሽሎሞ የተረጎምሁላቸው እኔ ነኝ። የገዛ እናቴን ቃል በራሴ አፍ ሳወጣ ነው ሁሉም የገባኝ። ጉልበቷን አሟት፣ መታዘል አፍራ እያልሁ ሳዝን የኖርሁት ከንቱ ነበር። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ለእኔ ዘብ ሆና ነው።

ሽማግሌው መንገዱን እስከ ጫፉ አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ካሪንን ጠሩ። ባቀረብነው ዋጋ ሰጡን። ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ እሳቸው አላስጨመሩንም፣ እኛም ቀንሱልን አላልንም። ካሪን «ቤሰደር፣ እሺ» አለች፣ ድምፅዋ ግን ደስ አላለውም። ርክክቡ በነሐሴ ነው።

ማታን። ማታን። ማታን። ይኸው ስሙን እንደጠየቁኝ ጻፍሁልዎ።

ልጅዎ ሙሉእመቤት

ጎንደር፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉእመቤት

ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ለያለው ሰጥቼ እሱም አነበበው።

እቴ ታንጉት የዱሮዋ ናት። እኔ ሦስት ሽማግሌ ልኬ ያበላሸሁትን እሷ አንዷ ተቀምጣ አቀናችው። ከእንግዲህ ምክር ከእኔ አትጠይቂ፣ ከደጃፍሽ ጠይቂ።

ገንዘብ እንዳትልኪ። የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ መንገዱም እንዲታይ አድርጋችሁ አንሡልኝ። ስሜ ተጠርቶ የምመጣ ቀን በየት በኩል እንደምደርስ ካሁኑ ልወቀው።

አጎትሽ ቢሆነኝ

ገዴራ፣ 7.9.2025

ለአጎቴ ለአያ ቢሆነኝ

ከአዲሱ ቤታችን ጉልበትዎን እስማለሁ። ለአገር ቤት ዘመን መለወጫም እንኳን አደረሰዎ።

ገባን። አያ ታዬ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንገዱ ጫፍ «ቤት ለእምቦሳ!» እያሉ መጡ፤ «እምቦሳ እሰሩ» አልናቸው። ሽሎሞ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። መቃኑ ላይ ያለውን መዙዛ፣ የኦሪት ቃል የተጻፈበትን ጥቅል፣ እንደ ሕጉ ትተውልናል፤ አግዳሚውን ግን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፣ እሱንም ትተውታል። ቁልፉን ለእኔ አልሰጡኝም፤ ለእናቴ ነው የሰጧት። እሷም አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ በሩ ግን ቀን ቀን አይቆለፍም።

ጠዋት ትወጣለች፣ ሲመሽ ትገባለች። ምሳዋን ደጃፍ ላይ ነው የምወስድላት። የሰፈሩን ሰው በስም ታውቃለች፤ ዕብራይስጥ ሳትችል እንዴት እንደሆነ አይገባኝም። ከጎኗ ያለውን ቦታ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። ለማን ነው ብላት «ለቢሆነኝ ነው። እሱ አይሰማም፣ የእኔም ዓይን እየደከመ ነው፤ ሁለት ሆነን አንድ ዘበኛ ይወጣናል» አለች። ፎቶውን ነታ ዛሬ ትልካለች። ባዶው ቦታ የእርስዎ ነው።

እኔ ፍርሃቴ አለቀ ብዬ አልዋሽዎትም። ማታን አሁንም እዚያው ነው። ግን ወጥ ቤት ቆሜ የእናቴን ድምፅ ከደጅ እሰማለሁ፤ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ስትከራከር፣ ስትመርቅ፣ ስትቆጣ። ያ ድምፅ እስካለ ድረስ ምንም አልመጣም ማለት ነው።

ባለፈው ዓርብ ሰንበት ሊገባ ሲል ድምፅዋ ተቋረጠ። ሽንኩርት ላይ ነበርሁ። ቢላዋውን አስቀመጥሁ። ገብታ በእጇ እስክትይዘኝ ቆሜ ጠበቅሁ። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነሥታለች።

ከዚያ እንደ አገር ቤቱ፣ ሰፈሩን ሁሉ በሚያሰማ ድምፅ «ምሥራች!» አለች።

«ምሥር ብይ» እያልሁ ወደ ደጅ ሮጥሁ። እሷ ግን አልጠበቀችኝም፤ ስሙን እየጠራች መንገዱ ጫፍ ድረስ በእግሯ ልትቀበለው ሄዳለች። ስወጣ ማታን ሻንጣውን ጥሎ አቅፏት ቆሟል። አቧራ ለብሷል፣ ከስቷል፣ ይስቃል።

በሩ ክፍት ነበር። ማንም አላንኳኳም።

ልጅዎ ሙሉእመቤት